ዋልተር ተል እና የጫማ ሰፊዎቹ ከተማ

የእንግሊዝ እግር ኳስ ሲነሳ ብዙዎቻችን በአርሰናልና በማንችስተር ዩናይትድ መከራከር ይቀናናል። እኔ ግን ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስሙ እምብዛም ስለማይነሳው ስለ ኖርዝሃምፕተን ታውን እና ስለ አንድ ተጫዋቹ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ከተማዋ። ኖርዝሃምፕተን በመካከለኛው እንግሊዝ የምትገኝ ጥንታዊ የገበያ ከተማ ናት። በ1189 ከንጉሥ ሪቻርድ ቀዳማዊ የከተማነት መብት የሚሰጥ ቻርተር ተቀበለች። በ1675 ከባድ ቃጠሎ አብዛኛውን ክፍሏን ቢያወድመውም እንደገና ተሠራች። በዙሪያዋ ከብት፣ ቆዳ የሚለፋበት የኦክ ዛፍ ልጣጭና ውሃ ስለነበር የጫማ ሥራ ተስፋፋባት፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለጦር ሠራዊት ጫማ ታቀርብ ነበር። በ1897 የተመሠረተው ክለቧም ቅጽል ስሙ «ጫማ ሰፊዎቹ» ነው።

እኔን የገረመኝ ይህ ስም ነው። በአገራችን ቆዳ የሚያለፋ ሰው «ፋቂ» እየተባለ ይሰደብ እንደነበር ታውቃላችሁ። አጼ ምኒልክ በ1908 ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። እዚያ ግን የሙያው ስም የክለብ መኩሪያ ሆነ።

ሆኖም ሙያ የተከበረበት አገር ሁሉ ቀለምን ያከብራል ማለት አይደለም። ዋልተር ተል በ1888 ፎክስቶን ተወለደ። አባቱ ከባርቤዶስ የመጣ አናጢ፣ እናቱ የኬንት ተወላጅ ነበረች። ሁለቱም በልጅነቱ ስለሞቱበት ለንደን ውስጥ በሕፃናት ማሳደጊያ አደገ። በ1909 ከአማተሩ ክላፕተን ወደ ቶተንሃም ገባ። በዚያው ዓመት ብሪስቶል ላይ ተመልካቾች በቀለሙ ክፉኛ ሰደቡት። የስፖርት ጋዜጠኛ ስድቡን አውግዞ ቢጽፍም ተል ብዙም ሳይቆይ ከዋናው ቡድን ወጣ።

በ1911 ወደ ኖርዝሃምፕተን ያመጣው፣ በኋላ አርሰናልን ታላቅ ያደረገው አሠልጣኝ ኸርበርት ቻፕማን ነው። ተል እዚያ በዋናው ቡድን ከ100 በላይ ጨዋታዎች አደረገ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ወደተሰባሰቡበት የሚድልሴክስ ክፍለ ጦር 17ኛ ሻለቃ ዘመተ። የጦሩ ደንብ «ንጹሕ የአውሮፓ ዘር» የሌለውን ሰው መኮንን እንዳይሆን ይከለክል ነበር። በ1917 ግን ተል ምክትል መቶ አለቃ ተባለ። ደንቡ በቦታው ነበር፤ አብረውት የተዋጉት አለቆቹ ግን ሥራውን አይተው ለሹመት አጩት። ጣልያን ውስጥ በፒያቬ ወንዝ ግንባር ሰዎቹን መርቶ ስላሳየው ጀግንነትና እርጋታ በጄኔራሉ ተመሰገነ። መጋቢት 25 ቀን 1918 ፈረንሳይ ውስጥ ወደቀ። ሬሳው አልተገኘም፤ ስሙ በአራስ መታሰቢያ ላይ ተቀርጿል።

በ1999 ኖርዝሃምፕተን በስታዲየሟ አጠገብ መታሰቢያ አቆመችለት። ተል በከተማዋ የተጫወተው ለጥቂት ዓመታት ቢሆንም የራሷ ልጅ አድርጋ ትቆጥረዋለች። በባዕድ አገር ለምንማር ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «የየት አገር ሰው ነህ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በተወለድንበት ብቻ ሳይሆን አብረናቸው በሠራናቸው ሰዎች ትዝታም እንደሆነ ከተል ታሪክ ተረድቻለሁ።