የመረጃ ፍሰት ሥዕልና በክቡ ውስጥ የሚደበቀው ደንብ

የአንድን መሥሪያ ቤት አሠራር ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ አሠራሩን በሥዕል ማስቀመጥ ይገባዋል። ይህም የመረጃ ፍሰት ሥዕል ይባላል። አሜሪካዊው ቶም ዴማርኮ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስፋፋው አሣሣል ከሆነ ምልክቶቹ አራት ብቻ ናቸው፤ ይኸውም ሥራን የሚያሳይ ክብ፣ መዝገብን የሚያሳዩ ሁለት ትይዩ መስመሮች፣ ከውጭ የሚመጣውን ባለጉዳይ የሚያሳይ አራት ማዕዘን፣ እነዚህንም የሚያገናኝ ቀስት። (ጌንና ሳርሰን የተባሉት ደራስያን በክቡ ፈንታ ማዕዘኑ የተጠጋጋ ሳጥን ይሥላሉ፤ ልዩነቱ የመልክ እንጂ የፍሬ ነገር አይደለም።)

የቤተ መጻሕፍትን ነገር እንውሰድ። ተማሪው አራት ማዕዘን፣ «መጽሐፍ ማዋስ» ክብ ነው። ከተማሪው ወደ ክቡ በሚሄደው ቀስት ላይ «የመታወቂያና የመጽሐፍ ቁጥር» ብለን እንጽፋለን። ክቡ የውሰት መዝገቡን ይመለከታል፤ አዲሱንም ውሰት ይመዘግባል፤ ለተማሪው የመመለሻውን ቀን ይሰጣል። ጀማሪ መጽሐፉን ራሱንና የሠራተኛውን መመላለስ ጭምር ሊሥል ይሞክራል፤ ነገር ግን በቀስቱ የሚሄደው መረጃው እንጂ ዕቃው አይደለም። ደግሞም መረጃ ገብቶበት ምንም የማይወጣበት ክብ፣ ወይም ከመዝገብ ወደ መዝገብ በቀጥታ የሚዘል ቀስት ከተገኘ፣ የተረሳ ነገር አለ ማለት ነው።

ሥዕሉ «ማዋስ» ይላል እንጂ ለማን እንደሚዋስ፣ ለማን እንደሚከለከል አይናገርም። እኛን ተማሪዎችን የሚነካን ግን ይኸው ነው። ደንቡ ለብቻው ይጻፋል፤ ከአጻጻፉም ዓይነቶች የውሳኔ ሠንጠረዥን እንመርጣለን። ሦስት ጥያቄ እናንሣ፤ መታወቂያው ታድሷልን? ቀኑ ያለፈበት ውሰት አለበትን? መጽሐፉ ከአዳራሹ እንዳይወጣ የተከለከለ ነውን? የእያንዳንዱ መልስ አዎን ወይም የለም ስለሆነ በጠቅላላው 8 ዓምድ ይሆናል፤ አራተኛ ጥያቄ ቢጨመር 16። በመስኮቱ ያለውን ሠራተኛ ብንጠይቀው ሁለት ሦስቱን ሳያመነታ ይመልሳል። መታወቂያው ያልታደሰ፣ ውሰት የሌለበት፣ የተከለከለውን መጽሐፍ እዚያው ተቀምጦ ሊያነብ የፈለገ ተማሪ ቢመጣስ? «እንደ ሁኔታው» ይላል። የሚያውቀው ከሆነ ይገባል፤ የማያውቀው ከሆነ ነገ ተመለስ ይባላል ማለት ነው።

ኮምፒዩተር ደግሞ «እንደ ሁኔታው» የሚባል ነገር አያውቅም። ዓምዱ ባዶ ከተተወ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው፣ ምናልባትም ቤተ መጻሕፍቱን ረግጦ የማያውቅ፣ ከራሱ አንድ መልስ ይሞላበታል፤ ያም መልስ በሁላችን ላይ ደንብ ሆኖ ይሠራል። ስለዚህ ባዶው ዓምድ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ቀርቦ በፊርማቸው ይሞላ። ከተወሰነ በኋላ አጻጻፉ ቀላል ነው፦ «መታወቂያው ካልታደሰ አታውስ፤ በአዳራሹ ማንበብን ግን ፍቀድ።»