ዘሩ ከስለት ሲሸሽ

ቲማቲም ለለቀማ መድረስ አለመድረሱን ለማወቅ ቀለሙን አላምንም። ገና አረንጓዴ ሳለ ከመስመሩ መካከል አንድ ፍሬ ቀጥፌ በስለታም ቢላ አግድም እቆርጠዋለሁ። ዘሩ አብሮ ከተቆረጠ ፍሬው ጥሬ ነው። ዘሩ በከበበው ዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ ተንሸራቶ ከስለቱ ካመለጠ ግን ደርሷል፤ ተለቅሞም በደንብ ይበስላል። ሁለቱን ፍሬዎች ሳይቆረጡ ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው መንታ ይመስላሉ።

ባለፈው ታኅሣሥ መቂ አጠገብ አንድ ማሳ ውስጥ ሰባት ፍሬ ቆረጥኩ። በአምስቱ ዘሩ ለሁለት ተከፈለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ገና አንድ ሳምንት ይቀረዋል» አልኳቸው ባለማሳውን።

«ልጄ፣ ደላላው ነገ መኪና እልካለሁ ብሏል። ሳምንት ስጠብቅ ዋጋው ቢወድቅስ? ደግሞስ አዲስ አበባ ገብቶ ይቀላ የለ?»

ይቀላል። በዚህ አልተከራከርኳቸውም። ነገር ግን ለቲማቲም ጣዕም የሚሰጠው ስኳር አብዛኛው ከቅጠሉ ተነስቶ በግንዱ በኩል ወደ ፍሬው የሚገባው ፍሬው ተክሉ ላይ እስካለ ድረስ ነው። ሙዝ ሲቆረጥ በውስጡ ብዙ ስታርች ስላለው በኋላ ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ቲማቲም ግን እንዲህ ያለ ስንቅ የለውም። ስለዚህ ያለጊዜው የተለቀመ ቲማቲም ቆዳው ቀልቶ ገበያ ይደርሳል፤ ውስጡ ግን ውኃ ውኃ ይላል። በጾም ቀን ለቲማቲም ፍትፍት የከተፈችው እናት ሎሚና ቃሪያ ብትጨምርበትም ያልገባውን አታስገባውም።

ይህን የተማርኩት በሰው ኪሳራ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ገበሬ ፍሬ ትልቅና የሚያብረቀርቅ ስለነበረ ሳልቆርጥ «ደርሷል፣ ይለቀም» አልኩ። ሳጥኖቹን የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ሙቅ መጋዘን ውስጥ ደረደርናቸው። ከሳምንት በኋላ ስንከፍታቸው ገሚሱ ፈዛዛ ብርቱካናማ ሆኖ ለስልሷል፣ ገሚሱ ቆዳው ተጨማድዷል። ገዢ ሳይገኝለት ቀረ። ያ ሰው አንድም ቃል አልተናገረኝም። ዝምታው እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቢላ ሳልይዝ ማሳ አልገባም።

የብርቱካናማው ምክንያት ሙቀቱ ነበር። ቲማቲምን ቀይ የሚያደርገው ላይኮፒን የሚባለው ቀለም ሲሆን ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መሠራቱን ያቆማል፤ ቢጫው ቀለም ግን ይቀጥላል። ቅዝቃዜም ይጎዳዋል። ከ12 ዲግሪ በታች ለቀናት የከረመ ያልበሰለ ፍሬ በኋላ ወጥ ሆኖ አይቀላም፣ ሽታውንም ያጣል። እቤታችሁ ገና ያልቀላ ቲማቲም ካለ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት። የሚስማማው 20 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ከአዲስ አበባ ጥላ ብዙ አይርቅም።

ማብሰሉ ራሱ የሚከናወነው ፍሬው በሚያመነጨው ኤትሊን በተባለ ጋዝ ነው። አንዱ ፍሬ ሲበስል ጎረቤቱን የሚቀሰቅሰው በዚህ ጋዝ ነው። በደንብ በተዘጋጀ ክፍል ውስጥ ከሚሊዮን እጅ አየር 100 እጅ ያህል ኤትሊን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይበቃል። ክፍሉ ለሌለው ገበሬ ደግሞ ጥላ ውስጥ ሳጥኖቹ መካከል ጥቂት የበሰለ ሙዝ ማኖር በቂ ነው። ክፍሉን ግን ጭራሽ አትድፈኑት፤ ፍሬው የሚተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከተጠራቀመ ማብሰሉን ያዘገየዋል። ስለ ካርባይድ የሚጠይቁኝም አሉ። እርጥበት ሲነካው አሴቲሊን ያወጣል፣ ቆዳውንም ያቀላል። ነገር ግን የብየዳ ካርባይድ ከአርሴኒክና ከፎስፊን ንጹሕ አይደለም። ሰው ለሚበላው ነገር እንዳታስጠጉት በማንኛውም ስብሰባ እለምናለሁ፣ እዚህም እለምናለሁ።

የአበሳው ሌላው ግማሽ ከዘሩ ይመጣል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች የማይበስል ቲማቲም አገኙ፤ ለወራት ቢቀመጥ ቢጫ ሆኖ ይቆያል እንጂ አይቀላም፣ ኤትሊን ቢሰጡትም አይመለስም። ይህን ባሕርይ ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ዲቃላ ቀስ ብሎ ይቀላል፣ መንገድም ይችላል፤ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ብዙ የገበያ ዲቃላዎች የተገኙት ከዚህ ነው። ጣዕሙ ግን ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ሌላም አለ። አርቢዎች ትከሻው አረንጓዴ ሆኖ የሚዘገየውን ፍሬ ጠልተው አንድ ወጥ የሚቀላውን ለአሥርት ዓመታት ሲመርጡ ኖሩ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2012 ሲጠና ያ ጥቁር አረንጓዴ ትከሻ ፍሬው ራሱ ስኳር የሚሠራበት እንደነበር ታወቀ። ጉድለት ብለው ያስወገዱት ጣፋጩን ነበር።

ጥንካሬን መፈለግ ስህተት ነው አልልም። ከመቂ ወይም ከባቱ ተነስቶ በእንጨት ሳጥን ታጭቆ በአይሱዙ ለሚጓዝ ፍሬ ቆዳ ያስፈልገዋል። በሽታን መቋቋምም እንዲሁ፤ ሮማ ቪ.ኤፍ. የሚባለው ዝርያ ስሙ ላይ የያዛቸው ሁለት ፊደላት ከአፈር ተነስተው ተክሉን የሚያጠወልጉትን ሁለት ፈንገሶች መቋቋሙን የሚያመለክቱ ናቸው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ቱታ አብሶሉታ የተባለችው የእሳት እራት አገራችን ስትገባ የእርባታው ሥራ ምን ያህል እንደሚያስፈልገን ማሳ ለማሳ አይቻለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የዝርያ ሙከራ ስንመዘግብ ከምርቱ፣ ከክብደቱና ከጥንካሬው አጠገብ ለጣዕምም አንድ ዓምድ እንክፈት፤ ፍሬውም ደርሶ በተለቀመበት ቀን ይቀመስ። ጥሬውን ለቅሞ ዝርያውን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጋሼ በመጨረሻ ማሳውን ለሁለት ከፈሉት። የታችኛው ለደላላው መኪና ሄደ። የላይኛውን ስምንት ቀን ታገሡ፤ እኔም እየተመላለስኩ ቆረጥኩ፣ ዘሩ መሸሽ ሲጀምር ለቀምን።

በዚያው ቀን ባለቤታቸው ከጓሯቸው መልካ ሾላ ዘር ሲያወጡ አገኘኋቸው። ይህ የመልካሳ ምርምር ማዕከል ዝርያ ዲቃላ ስላልሆነ ዘሩ ለከርሞ ይያዛል። ተክሉ ላይ ሙሉ በሙሉ የቀሉትን ብቻ ቀጥፈው አጠገባቸው አድርገዋል። ዘሩን ከነፈሳሹ ማሰሮ ውስጥ ይጨምቁታል፤ ሁለት ሦስት ቀን ሲብላላ ዝልግልጉ ይለቀዋል፣ ከዚያ ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣል። ከመጭመቃቸው በፊት ግን ከእያንዳንዱ ተክል አንድ ፍሬ ገምሰው ይቀምሳሉ። አንዱን ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱና የዚያን ተክል ፍሬ በሙሉ ወደ ወጥ ድስቱ መለሱት። የሚቀጥለውን ገምሰው እኩሌታውን ዘረጉልኝ።

«እስቲ ቅመስ» አሉኝ፤ ማሰሮውንም ወደ እኔ አስጠጉ።