ዓይን ያላወጣ እንጀራ ስለ ጀሶ አይመሰክርም

«ጤፉ ጀሶ ሳይኖርበት አይቀርም፤ ዓይን አላወጣልኝም።» እንጀራ መጋገር አዲስ ከጀመሩ ሰዎች ይህን ስሞታ ደጋግሜ እሰማለሁ፤ በሰማሁ ቁጥርም ትዕግሥቴ ያልቃል። ጀሶ ወይም ሰጋቱራ የተቀላቀለበት እንጀራ ተያዘ የሚለው ዜና በአዲስ አበባ ከተሰማ ወዲህ ከሱቅ እንጀራ ሸሽቶ ምጣድ የገዛው ሰው ቀላል አይደለም። የቤት ኪራይ ገፍቷቸው ወደ ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ የወጡ ወጣቶች አጠገባቸው እናት ወይም አክስት የለችም። ስልካቸው ላይ ቪዲዮ ተመልክተው ያቦካሉ። የመጀመሪያው እንጀራ ልሙጥ ሆኖ ሲወጣ ደግሞ ጥፋተኛው ወፍጮ ቤቱ ወይም እህል ነጋዴው ይሆናል።

ክሱ ከሁለቱም ወገን አይቆምም። ንጹሕ ጤፍ ልሙጥ እንጀራ ሊሆን ይችላል፤ የተበረዘ ዱቄትም ጥሩ ዓይን ሊያወጣ ይችላል። ዓይን የሚናገረው ስለ ማቡካቱ፣ ስለ አብሲቱና ስለ ምጣዱ ሙቀት ነው።

ዱቄቱን በውሃ ማሸት፣ እርሾ መጨመር፣ ሁለት ሦስት ቀን ማቆየትና ከላይ ያቀረረውን ውሃ መድፋት ማንኛዋም ጎረቤት በአሥር ደቂቃ የምታሳየው ነገር ስለሆነ አልፈዋለሁ። ጀማሪው የሚወድቀው ከዚያ በኋላ ባለው እርምጃ ላይ ነው።

እርሾ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት በሊጡ ውስጥ ያለውን ስኳር እየተመገቡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ። የእንጀራ ዓይን ይህ ጋዝ የወጣበት ቀዳዳ ነው። ጋዙ ግን የሚይዘው ይፈልጋል። በስንዴ ሊጥ ውስጥ የሚይዘው ግሉተን የተባለው የፕሮቲን መረብ ነው፤ እየተለጠጠ ጋዙን ስለሚያፍን ዳቦው ይነፋል። ጤፍ ግሉተን የለውም። በመሆኑም አብሲት ያልተጣለበት የጤፍ ሊጥ ጋዙን ማቆየት አይችልም፤ የተፈጠረው ሁሉ ሽቅብ ወጥቶ ቡሃቃው አፍ ላይ አረፋ ሆኖ ይጠፋል፣ ዱቄቱም ወደ ሥር ይዘቅጣል።

አብሲት የሚጣለው ለዚህ ነው። ከቦካው ሊጥ ከአሥር አንድ እጅ ያህሉ ተወስዶ በፈላ ውሃ ላይ እየተማሰለ ይበስላል፤ ሲወፍርና ማብረቅረቅ ሲጀምር ይወርዳል፤ ለብ ሲል ወደ ቡሃቃው ይመለሳል። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ የሚሆነውን መረዳት የእንጀራን ግማሽ ሙያ መረዳት ነው። የጤፍ ስታርች እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች አሉት፤ የአንዱ ስፋት ከ2 እስከ 6 ማይክሮሜትር፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ሺህኛ ክፍል ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እነዚህ ቅንጣቶች አይሟሙም፤ ተዘፍዝፈው ይቀመጣሉ እንጂ። የምግብ ኬሚስትሪ ተመራማሪው ገረመው ቡልቶሳ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ከ68 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ግን ቅንጣቶቹ ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፣ መዋቅራቸው ይፈርሳል፣ በውስጣቸው ያለው አሚሎስ የተባለ ረጅም ሞለኪውል ወደ ውሃው ይወጣል። ፈሳሹ የሚወፍረው ያን ጊዜ ነው። ባለሙያዎች ጄላቲናይዜሽን ይሉታል፤ ለማእድ ቤት «ስታርቹ በሰለ» ማለት ይበቃል።

የበሰለው ስታርች ወደ ሊጡ ሲመለስ በአንድ ጊዜ ሦስት ሥራ ይሠራል። ሊጡን ያወፍርና አረፋዎቹ በቀላሉ እንዳያመልጡ ያደርጋል። ጥሬው ዱቄት ወደ ሥር እንዳይዘቅጥ አንሳፎ ያቆየዋል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፦ የበሰለ ስታርች ከጥሬው ይልቅ ለኢንዛይሞች ቶሎ የሚፈርስ ስለሆነ ለእርሾው አዲስ ስኳር ይቀርብለታል። አብሲት የተጣለበት ሊጥ ለቀናት ተኝቶ ቆይቶ በሰዓት ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ኩፍ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጀማሪ አብሲቱን ገና ነጭና ቀጭን ሳለ ካወረደው ስታርቹ አልበሰለም፤ የጨመረው ትኩስ ውሃ ብቻ ነው። ሳይቀዘቅዝ ከመለሰው ደግሞ እርሾውን ይገድለዋል። ኩፍ ያለውን ሊጥ ትቶ ወደ ገበያ ከሄደ፣ ሲመለስ ሊጡ ወርዶ፣ ጋዙ ወጥቶ ያገኘዋል። በሦስቱም ጊዜ ጤፉ አንድ እንከን ሳይኖርበት እንጀራው ልሙጥ ይሆናል።

ምጣዱ ላይ ያለው ጉዳይ ደግሞ የጥቂት ሰከንዶች እሽቅድምድም ነው። በደንብ የጋለ ምጣድ ፊቱ 200 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ጋዝ በሙቅ ፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ መቆየት አይችልም፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ለስላሳ ሲከፈት የሚገነፍለው ለዚህ ነው፣ ሊጡም ምጣዱን ሲነካ እንደዚያው ያደርጋል። ሟሙቶ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃው እንፋሎት ጋር አረፋ ሆኖ ከሥር ይነሣል። በዚያው ቅጽበት የሊጡ ታችኛው ክፍል በስሎ ይደርቃል፤ የእንጀራ ጀርባ ለስላሳና ቀዳዳ አልባ የሆነው ምጣዱን እንደነካ ስለሚረጋ ነው። አረፋው ገና እርጥብ በሆነው የላይኛው ክፍል በኩል ቀድዶ ይወጣል። ሙቀቱም ከሥር እየተከተለው ይመጣና የቀዳዳውን ግድግዳ ሳይዘጋ ያበስለዋል። ዓይን ማለት ከመዘጋቱ በፊት የበሰለ ቀዳዳ ነው።

ምጣዱ ካልጋለ ጋዙ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ሊጡ የሚበስለው ጋዙ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ዓይኑ ጥቂትና የተበታተነ ይሆናል። ሊጡ ከወፈረ አረፋው መውጫ ያጣል፤ ከቀጠነ ደግሞ ቀዳዳው ተመልሶ ይሞላል። አክንባሎውም የራሱ ጊዜ አለው። እንጀራ ስለማይገለበጥ ፊቱን የሚያበስለው አክንባሎው ያፈነው እንፋሎት ነው፤ ዓይኑ ሳይወጣ ከተከደነ ግን እርጥበቱ ፊቱ ላይ ያርፍና ቀዳዳዎቹን ያሰጥማል። ዓይኑ ከዳር እስከ ዳር ሲታይ ያን ጊዜ ይከደናል።

«ሰንዳፋ ደጋ ስለሆነ ውሃው በደንብ አይፈላም፤ አብሲቱም አይበስልም» የሚልም አለ። ግማሹ እውነት ነው። ሰንዳፋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ሽምብራ ለመቀቀል ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ ከድሬዳዋ ሰው ይልቅ የሰንዳፋ ሰው ብዙ ማገዶ ወይም ፕሬሸር ኩከር ያስፈልገዋል። የጤፍ ስታርች ግን 80 ዲግሪ ይበቃዋል። ከ92 እስከ 80 ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ አብሲት በሰንዳፋም በሱሉልታም በሚገባ ይበስላል። እንዲያውም ግፊቱ ባነሰበት ቦታ ያው መጠን ያለው ጋዝ በሲሶ ያህል የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ከፍታው አረፋውን ያግዛል እንጂ አይጎዳውም። የደጋ ጋጋሪ እውነተኛ ፈተና ብርዱ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች የእርሾው ሥራ እጅግ ይዘገያል፤ በሁለት ቀን መቡካት የነበረበት ሊጥ አራት ቀን ሊፈልግ ይችላል። ቡሃቃውን በብርድ ልብስ መጠቅለል ወይም ምድጃ አጠገብ ማኖር ይረዳል፤ ቀኑን ቆጥሮ ሳይቦካ መጋገር ግን ልሙጥ እንጀራ ያመጣል።

እዚህ ላይ ቃሌን መቆጠብ ይኖርብኛል። ጋዙን በዋናነት የሚያመነጨው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በተመራማሪዎች ዘንድ አልተዘጋም። ስቲዋርትና አስናቀ ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1962 ዋናው አቡኪ ካንዲዳ ጊሊየርሞንዲ የተባለች እርሾ ናት ብለው ነበር። ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1985 የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችን ድርሻ አሳዩ። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ ካንዲዳ ሁሚሊስ የተባለችውን ሌላ እርሾ አጉልተዋል። ከላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ ራሳቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቁ ሁሉንም ለእርሾ መስጠት አይቻልም። የየቤቱ እርሾ ይለያያል። የእህሉ ዝርያና የአፈጫጨቱ ድቀትም በዓይኑ ላይ ተጽዕኖ አላቸው፤ የሰናይት የትነበርክ የማሽላ እንጀራ ጥናቶች ዝርያ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በግልጽ አሳይተዋል። በሁለት ቤት ያለ አንድ ዓይነት ጤፍ ሁለት ዓይነት እንጀራ ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም።

አሁን ወደ ጀሶው። ጀሶ ካልሲየም ሰልፌት ነው። አይቦካም፣ ጋዝ አያመነጭም፣ በጥቂቱ ቢገባ ሌላው ዱቄት መቡካቱን አያቆምም። ስለዚህ «ዓይን ካለው ንጹሕ ነው» ብሎ መተማመንም አደገኛ ነው። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ጤፍ በማያገኙበት ጊዜ በስንዴ ዱቄትና በቤኪንግ ፓውደር ዓይናማ እንጀራ ሲጋግሩ ኖረዋል፤ ዓይን ያለ ጤፍም ያለ እርሾም ይመጣል። ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ጠብ አድርጎ አረፋ መጠበቅም ለጀሶ ፈተና አይሆንም። በአሲድ የሚያረፋው ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ፣ ነው፤ ጀሶ ዝም ይላል። በዚህ ሙከራ ተማምኖ ዱቄቱን ነጻ ያወጣ ሰው ምንም አላረጋገጠም።

ትክክለኛው ምርመራ የቤተ ሙከራ ነው። ዱቄቱ በከፍተኛ ሙቀት ተቃጥሎ አመዱ ይመዘናል። የጤፍ አመድ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው፤ ጀሶ ስለማይቃጠል ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። አመድ ብቻውን ግን አይፈርድም። ጤፍ መሬት ላይ ባለ አውድማ በከብት ሲወቃ አፈር ይቀላቀልበታል፣ አፈሩም አመዱን ይጨምራል። በጤፍ ውስጥ ተለካ ስለሚባለው ብዙ ብረት ተመራማሪዎች ዛሬም የሚከራከሩት የተወሰነው ከዚሁ አፈር የመጣ በመሆኑ ነው። ጀሶን ከአፈር ለመለየት ሰልፌቱን ለይቶ መለካት ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ ማንም በዓይኑ አይቶ ወይም በምላሱ ቀምሶ ሊያደርገው አይችልም።

ምግብ መበረዝ ወንጀል ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይከለክለዋል። ተጨባጭ ጥርጣሬ ያለው ሰው ከዱቄቱ ናሙና ይዞ ወደ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ወይም በአካባቢው ወዳለው ጤና ጽሕፈት ቤት ይሂድ። እንጀራው ልሙጥ ስለሆነበት ብቻ የጠረጠረ ግን በሚቀጥለው ጊዜ አብሲቱን እስኪያብረቀርቅ ያብስል፣ ለብ ሲል ይመልስ፣ ሊጡ ኩፍ እንዳለ በደንብ በጋለ ምጣድ ላይ ይጋግር። ይህን ሳያደርግ የወፍጮ ቤቱን ስም አያጥፋ።