ከሐዳር የወጣ ስም፣ ከባንክ የወጣ ቡድን

ከአዋሽ ሰባት ተነስቶ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ሎጊያና ሰመራ የሚያደርሰው አስፋልት የጅቡቲ ከባድ መኪና የማይለየው መንገድ ነው። ከሚሌ ወደ ባቲ በሚወስደው በኩል ከመንገዱ ወጣ ብሎ ሐዳር አለ፤ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የሉሲ አጽም የተገኘበት ስፍራ። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የዳሌና የእግር አጥንቶቿ ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር መስክረዋል። የወንዶች እግር ኳስ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ስማቸውን ከስሜን ተራሮች ዋልያ እንዳገኙ ሁሉ፣ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችንም የራሱን ያገኘው ከዚህ ከአዋሽ ሸለቆ ነው። ሉሲዎቹ በ1997 መግቢያ ደቡብ አፍሪካ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ወጥተው ነበር።

ዛሬ ሉሲዎቹን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን የሴቶች ክለብ ቢያውቅ ይሻለዋል። ለብሔራዊ ቡድኑ ብዙ ተጫዋቾች የሚመረጡት ከዚያ ነው። የአፍሪካ ሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ በተጀመረበት ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ክለቡ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ ለማሸነፍ ናይሮቢ ሄደ። የዱራሜዋ ሎዛ አበራ በውድድሩ 13 ጎል አግብታ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነች። ፍጻሜውን ግን የኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ወሰደው። ነሐሴ 2015 ላይ ዑጋንዳ ውስጥ እንደገና ለፍጻሜ ደረሱ፤ በዚያም የታንዛንያው ጄኬቲ ኩዊንስ በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፋቸው።

በአገራችን ክለብ እንዲህ ሁለቴ ከዋንጫ ደጃፍ ሲመለስ መጀመሪያ የሚሰናበተው አሠልጣኙ ነው። ንግድ ባንክ ግን ብርሃኑ ግዛውን አላሰናበተም። ከውጤቱ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደስተኝ ይህ ነው። የሴቶች እግር ኳስ ጥቂት ተመልካች፣ ጥቂት ገንዘብና አጭር ትዕግሥት ባለበት አገር፣ ደመወዝ በወሩ የሚከፍልና ለነገ የሚያስብ ተቋም ከኋላ መኖሩ ከታላቅ አጥቂ አያንስም።

2016 ዓ.ም. ለባንኩ የዋንጫ ዓመት ሆነ። ወንዶቹ ከከፍተኛ ሊግ ባደጉ በመጀመሪያው ዓመት የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ አነሱ። ሴቶቹም ሊጋቸውን አሸነፉ። የክፍለ አህጉሩ ማጣሪያ ደግሞ በዚያ ክረምት አዲስ አበባ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ነበር። እንቁጣጣሽ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት በፍጻሜው የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ 1 ለ 0 አሸነፉ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአህጉሩ የሴቶች ክለቦች ሻምፒዮና ቡድን ላከች።

ሞሮኮ ላይ የገጠሟቸው የናይጄሪያው ኤዶ ኩዊንስ፣ የደቡብ አፍሪካው ሰንዳውንስና የግብፁ ማሳር ነበሩ፤ ከምድባቸው አላለፉም። ዋንጫውን ቲፒ ማዜምቤ ወሰደው። ልዩነቱ ታይቷል፤ እነዚያ ክለቦች በየአገራቸው ጠንካራ ተፎካካሪ አላቸው፣ የእኛዎቹ ግን በሊጋቸው በአመዛኙ ብቻቸውን ይሮጣሉ። 

እንግዲህ ተፎካካሪው ከየት ይምጣ? እኔ የአፋር ክልሏን ሰመራን አስባለሁ። ዩኒቨርሲቲዋ ከመላው አገሪቱ ተማሪ ይቀበላል፤ ኳስ እየተጫወቱ አድገው ትምህርት ቤት ሲቀይሩ ያቆሙ ልጃገረዶች ከነዚህ መካከል አይጠፉም። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ልምምዱ ፀሐይ ሳትወጣ ወይም ከመሸ በኋላ በመብራት መሆን አለበት። የሚያስፈልገው አንድ አሠልጣኝ፣ መብራት ያለው ሜዳ፣ በቂ ውኃና በሁለት ሽንፈት የማይበትናቸው አስተዳደር ነው። ሉሲ ከተገኘችበት ክልል አንዲት የአፋር ልጅ የሉሲዎቹን ማሊያ ለብሳ ማየት እፈልጋለሁ፤ መንገዱም ከዚህ ሜዳ ሊጀምር ይችላል።