ቀን የሚሠራ፣ ሌሊት የሚወድቅ ኮድ

የዕድራችንን የአባላት መዝገብ በስፕሪንግ ቡትና በሃይበርኔት ሠርቼ ነበር። ገንዘብ ያዣችን በስልካቸው ከፍተው ማን መዋጮ እንደከፈለ ያያሉ። ቀጥሎ ላልከፈሉ አባላት በየወሩ ሌሊት ላይ የማስታወሻ ኢሜይል የሚልክ ሥራ ጨመርኩ። ጠዋት ስነሣ አንድም ኢሜይል አልሄደም። ሎጉ ላይ የጠበቀኝ «ሌዚ ኢኒሻላይዜሽን ኤክሴፕሽን» ነው። የገረመኝ፣ ድረ ገጹ ላይ ያለ ችግር የሚሠራው ያው ኮድ መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃይበርኔት አንድን አባል ከዳታቤዝ ሲያመጣ የክፍያዎቹን ዝርዝር አብሮ አያመጣም። በቦታው ባዶ መያዣ ያስቀምጣል፤ ዝርዝሩን ስትነኩት ያኔ ሄዶ ያመጣል። ሌዚ ሎዲንግ ይሉታል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ስም ብቻ ለሚያሳይ ገጽ የዓመታት ክፍያ ለምን ይጫናል? ግን መያዣው ማምጣት የሚችለው የመጣበት ሴሽን ክፍት እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው።

ታዲያ ድረ ገጹ ላይ ለምን ሠራ? ስፕሪንግ ቡት «ኦፕን ኢን ቪው» የሚባል ቅንብር አለው፤ እናንተ ካላጠፋችሁት በራሱ ይሠራል። ከብራውዘር ጥያቄ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ምላሹ እስኪያልቅ ሴሽኑን ክፍት አድርጎ ያቆየዋል። የሌሊቱ ሥራ ከብራውዘር የመጣ ጥያቄ ስላልሆነ ይህ አልደረሰውም። (ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ስለዚህ ቅንብር ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ለወራት እያየሁ አልፌዋለሁ።)

የኤስኪውኤል ሎጉን ስከፍት ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። አባሎቻችን 180 ናቸው። ገጹ አንዴ በተከፈተ ቁጥር አባላቱን ለማምጣት 1፣ የእያንዳንዱን ክፍያ ለማምጣት 180፣ በድምሩ 181 ጥያቄ ወደ ዳታቤዙ ይሄዳል። ገንዘብ ያዣችን «ልጄ፣ ይሄ ነገር ይጎተታል» ሲሉኝ በስልካቸው ነበር ያመካኘሁት! ክፍት የቀረው ሴሽን ስህተቱን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ደብቆልኛል።

ብዙዎች የሚመክሩት አቋራጭ ዝርዝሩን ሁልጊዜ አብሮ እንዲመጣ፣ ማለትም ኢገር ማድረግ ነው። አልወደድኩትም፤ ክፍያ የማይፈልጉት ገጾች ሁሉ ሸክሙን ይሸከማሉ። ይልቅ ቅንብሩን አጠፋሁና፣ ክፍያ በሚፈልጉት ሁለት ቦታዎች ብቻ ጥያቄውን በ«ጆይን ፌች» ጻፍኩት። 181 የነበረው 1 ሆነ። ውጤቱን ገጽ በገጽ የምትከፋፍሉ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፦ ዝርዝር በጆይን ፌች ሲመጣ ሃይበርኔት ሁሉንም ረድፍ ወደ ሜሞሪ ጭኖ እዚያ ነው የሚቆርጠው።

ደስ ብሎኝ ልተኛ ስል የአባላቱን ቁጥር አየሁ፦ 174። ስድስት ሰው ጠፍቷል። ጆይን ፌች ብቻውን ሲጻፍ ምንም ክፍያ የሌለውን አባል ከውጤቱ ይጥለዋል፤ የጠፉት አንድም ጊዜ ያልከፈሉት፣ ማለትም ማስታወሻው ከሁሉ በፊት ሊደርሳቸው የሚገባው ነበሩ። ፊቱ ላይ «ሌፍት» ጨመርኩ፣ 180 ሆነ። በማግስቱ ሌሊት ኢሜይሉ ሄደ።