ስለ ድድ መሸሽና በገዛ ሥጋ ስለ መጠገኑ

በጉለሌ በኩል፥ በዊንጌት ሠፈር የምትኖር አንዲት እኅት አለችን። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1946 ዓመት ከተከፈተውና በጄኔራል ዊንጌት ስም ከተሰየመው ትምህርት ቤት መሆኑን የከተማው ሰው ያውቃል። ባለፈው ዓመት በበዓል ቀን ልንጠይቃት በሄድን ጊዜ፥ እንደ ልቧ ትስቅ የነበረችው ሴት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ስትጋርድ አየን። ምነው ብንላት፥ «ጥርሴ ረዘመ» አለችን። የረዘመው ግን ጥርሱ አልነበረም፤ በላይኛው የግራ ክራንቻዋ ላይ ድዱ ሸሽቶ ሥሩን ገልጦት ኖሯል።

እኅታችን ጧት ጧት በወይራ መፋቂያ ጥርሷን ግራና ቀኝ፥ እንጨት በመጋዝ እንደሚቈርጥ ሰው አጥብቃ ትፍቅ ነበር። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካት ባመማት ጊዜም ጎረቤቶቿ ጨው ጨምሪበት ቢሏት ይብሱን አጠበቀች። መፋቂያውን አንከስም፤ በደለኛው እጅ ነው፤ የፈረንጅ ቡርሽም ቢሆን በዚያው እጅ ያንኑ ያደርጋል። ድዱ በተፈጥሮው ስስ የሆነ ሰው፥ ጥርሱ ከረድፉ ወደ ውጭ የወጣ ሰው፥ ትምባሆ የሚያጨስም ሰው ለዚህ ነገር ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በጥርስ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ ሳይጠረግ ሲቀር ደግሞ ድዱን ያቈስላል፥ ውሎ አድሮም አጥንቱን ይበላል። የሸሸ ድድ በቅባትም በቅጠልም አይመለስም። የተገለጠውም ሥር እንደ ጥርሱ አናት ጠንካራ ልባስ ስለሌለው ያማል፥ ፈጥኖም ይቦረቡራል።

እኅታችን ጥርሱን ልታስነቅል ቀን ቈርጣ ነበር። እኛ ግን ሥራችን የፍርድ ቃል መጻፍ ነውና፥ ነገሩ ሳይመረመር አይፈረድም ብለን ወደ ጥርስ ሐኪም ወሰድናት። ሐኪሙ ቁጥር በተጻፈበት ቀጭን ዘንግ ከለካ በኋላ አስቀድሞ ያየው የተገለጠውን ሥር ሳይሆን በጥርሶቿ መካከል ያለውን ሥጋና አጥንት ነው። ሚለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1985 ዓመት (በፈረንጆች) ድድ መሸሽን በአራት ደረጃ ከፍሎታል፤ በጥርሶች መካከል ያለው አጥንትና ሥጋ ካልጐደለ ሥሩን ፈጽሞ መሸፈን ይቻላል፥ ጥቂት ከጐደለ በከፊል ይሸፈናል፥ እጅግ ከጐደለ ግን ተስፋ የለውም። የእኅታችን አልጐደለም ነበር።

«ሥጋው ከማን ይወሰዳል?» ብላ በፍርሃት ጠየቀች። ከራሷ ላንቃ ነው። ቦታው በመርፌ ከደነዘዘ በኋላ ሐኪሙ የላንቃውን ቆዳ ገለጥ አድርጎ ከሥሩ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ወይም ጥቂት የሚበልጥ ሥጋ ያወጣል፥ ቆዳውንም መልሶ ይሰፋዋል። ያን ሥጋ በተገለጠው ሥር ላይ ያኖርና የሸሸውን ድድ ስቦ ያለብሰዋል። ይህን አሠራር ላንገር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በዚያው በ1985 ዓመት ጽፈው አሳወቁት። የጥርስ ሥር እንደ ድንጋይ ደም የሌለው ስለሆነ፥ የተተከለው ሥጋ ከላዩና ከዳር ካለው ድድ ካልተመገበ ይሞታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀኖች የሚኖረው በሚያዣብበው እርጥበት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይገቡበታል።

ለእመቤቶች የምንነግረው አንድ ነገር አለ። እኅታችን እንደ ብዙዎቹ የጎንደርና የትግሬ ሴቶች በልጅነቷ ድዷን የተነቀሰች ናት። ቀድሞ ይሠራበት በነበረው አሠራር የላንቃው ሥጋ ከነቆዳው ከላይ ይለጠፍ ስለነበር፥ በጠቈረ ድድ መካከል እንደ እራፊ ነጣ ብሎ ይታያል። በዚህኛው ግን ከላይ የሚለብሰው የራሷ የተነቀሰው ድድ በመሆኑ መልኩ አልተለወጠም። ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቃት ይህ ነበርና እጅግ ደስ አላት።

ሕመሙስ? ከድዱ ይልቅ ላንቃው አሠቃያት። በርበሬ፥ ትኩስ ቡናና የሚቈረጠም ነገር ተከለከለች፤ ለብ ያለ አጥሚትና የቀዘቀዘ ገንፎ ብቻ ስትበላ ሰነበተች። ከሁሉ የከበዳት ቡናው ነው፤ ጎረቤቶቿ ሲያፈሉ በሩን ታስዘጋ ነበር። ሐኪሙ ከንፈሯን ገልጣ በመስተዋት እንዳታይ አጥብቆ አዝዟት ሳለ በአራተኛው ቀን ልትገልጥ ስትል ልጇ እጇን ያዘቻት። መልካም አደረገች፤ ስፌቱ ቢሳብ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆን ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ክሩ ወጣ፤ እስከዚያ ድረስ አፏን በመድኃኒት ትጉመጠመጥ እንጂ ቦታውን አትፍቀውም ነበር።

አሁን ስድስት ወር ሆኗታል። ከሥሩ የቀረ የፀጉር ያህል ጠርዝ ይታያል፥ ቀዝቃዛ ውኃ ግን ትጠጣለች። መፋቂያዋንም አልጣለችም፤ ጫፉን አኝካ ካለሰለሰች በኋላ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ፥ በቀስታ እንድታወርደው ሐኪሙ አስተምሯታል። የልጇም ድድ እንደ እናቷ ስስ ሆኖ ስለተገኘ፥ በመጪው ሳምንት ለምርመራ እንወስዳታለን።