ሞተር ሲቀየር የዘይት ማቀዝቀዣውስ?

ቶሮንቶ ውስጥ ሞተርሳይክል የሚነዳበት ወቅት አጭር ነው። በረዶው እስኪያልፍ ጋራዥ ገብተው ሞተር የሚቀይሩ ልጆች አሉ። ከታወቁት ቅየራዎች አንዱ በሱዙኪ ባንዲት 600 ሻንሲ ላይ የባንዲት 1200ን ሞተር መግጠም ነው።

ሁለቱም ሞተሮች በውሃ አይቀዘቅዙም። ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ1985 በጂኤስኤክስ-አር 750 ባመጣው ዘዴ፣ ዘይቱ ከማለስለስ አልፎ የቴስታታውን ሙቀት ተሸክሞ ፊት ለፊት ወዳለው ማቀዝቀዣ ይወስዳል። ማቀዝቀዣው ደግሞ የሚሠራው በንፋስ ነው። በሐምሌ ሙቀት ሀይዌይ 401 ሲጨናነቅ ንፋስ የለም። ዘይቱ ከመጠን በላይ ሲግል ይቀጥናል፤ ኩሽኔታዎቹም ይበላሉ። ስለዚህ ትልቁን ሞተር በትንሹ ማቀዝቀዣ አትንዱ።

ሞተሩን ስትገዙ ማቀዝቀዣውን ከነቱቦዎቹ አብራችሁ ውሰዱ። ሌላ ቱቦ ካስፈለገ የውስጥ ስፋቱ ከመጀመሪያው እንዳይጠብ፣ የማሰሪያው ጥርስም በትክክል እንዲገጥም አረጋግጡ። ቱቦው ከጭስ ማውጫው ይራቅ። መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጥግ አዙሩ፤ የፊቱን ሞሌዎችም ተጭናችሁ ጎማው ማቀዝቀዣውን እንደማይነካ እዩ። ጎሚኒና ሮንዴላውን በአዲስ ተኩ፤ የሚያፈስ ዘይት የኋላ ጎማ ላይ ከደረሰ ነጂውን ይጥላል።

በመጨረሻ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነስታችሁ አጥፉ። ባዶው ማቀዝቀዣ ስለሚሞላ የዘይቱ መጠን ይወርዳል፤ ለክታችሁ ጨምሩ። በሚያዝያ ብርድ ዘይቱ ወፍራም፣ ግፊቱም ከፍተኛ ነው። ሳይሞቅ ብዙ ነዳጅ አትስጡት፤ ማሰሪያዎቹንም በባትሪ እያበራችሁ አንድ በአንድ ፈትሹ።